የአሮጌ ጭቃ ቤት እድሳት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አሮጌ የገጠር ቤት ለማደስ በተጠራሁበት ሁሉ፣ መሣሪያዬን ሳላወርድ የሚቀርብልኝ ጥያቄ «ስንት ኩንታል ሲሚንቶ ይበቃዋል?» የሚል ነው። የጭቃ ግድግዳ በሲሚንቶ ሲለሰን ይጠነክራል የሚለውን እምነት ያህል ገንዘብም ቤትም ሲበላ ያየሁት ስህተት የለም።

የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይጠጣል፣ ነፋስና ፀሐይ ሲያገኝ መልሶ ይተፋል፤ በዚያው ልክ ያብጣል፣ ይኮማተራል። ሲሚንቶ ግን ግትር በመሆኑ አብሮት አይላወስም፤ ስለዚህ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ የገባው ዝናብና ከመሬት የሚሳበው እርጥበትም መውጫ አጥቶ ከልስኑ ጀርባ ይታፈናል። ከተለሰነ ሁለት ክረምት ብቻ ያለፈውን አንድ ቤት በጣቴ ባንኳኳው እንደ ባዶ ቅል ጮኸ። በመሮ ስፈነቅለው የበር መዝጊያ የሚያህል ቅርፊት በአንድ ጊዜ ወረደ፤ ከጀርባው ያለው ጭቃ እንደ ሊጥ ረጥቧል፣ የማዕዘኑንም ቋሚ እንጨት ግርጌ በእጄ ጣት ብጫነው ጣቴ እስከ አንጓው ገባ። ባለቤቱ እስከዚያች ሰዓት ድረስ የሚያሳስባቸው የቀለሙ ዓይነት ነበር።

ለጭቃ የሚስማማው ጭቃ ነው። ከጭድ ጋር ተረግጦ ጥቂት ቀናት የሰነበተ ምርጊት፣ የአሸዋውና የጭዱ መጠን እየተለያየ በትንሽ በትንሹ ግድግዳው ላይ ይሞከርና ደርቆ ያልተሰነጠቀው ይመረጣል፤ የላላው አሮጌ ምርጊት ተፍቆ ውኃ ከተረጨበት በኋላ ይመረጋል። ሲደርቅ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀጭን ኖራ ቢቀባ፣ ኖራው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ይጠነክራል፣ እርጥበትም አያፍንም። (ዓይንና ቆዳ ያቃጥላልና በባዶ እጅ አይነካ።) ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የግድግዳውን እግር የቀበረው አፈር ተዝቆ ውኃው በቦይ ከቤቱ ይራቅ፤ ይህ ከዶማና ከአካፋ በቀር ወጪ የለውም።

በጢስ የጠቆረ እንጨት በስብሷል ይባላል፤ በቢላዋ ጫፍ ወግቶ ሳያዩ መፍረድ ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ምስጥ ይከላከላል መባሉም አያስተማምንም፤ ቋሚውን ድንጋይ ላይ ማቆም ምስጡ ከመሬት የሚወጣበትን የጭቃ ዋሻ ስለሚያጋልጥ ይሻላል። አፍርሶ መሥራት ይረክሳል የሚሉትም የእንጨቱንና የማጓጓዣውን ሂሳብ ያልያዙ ናቸው።

ቤቱን አስቀድሞ በሲሚንቶ ያስለሰነ ሰው በበጋ ከታች አንድ ክንድ ያህሉን ልስን አንስቶ፣ ግድግዳው እስኪደርቅ ድረስ ሳይመርግ ይታገሥ።