ስታንት ሠሪዎች እብድ አይደሉም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፊልም ላይ ከፎቅ የሚወረወረውን ወይም በእሳት ተያይዞ የሚሮጠውን ሰው ስናይ "ይሄ ሰው ነፍሱን አይወዳትም እንዴ?" እንላለን። ይወዳታል። ስለ ስታንት ሙያ (በፊልም ላይ አደገኛ ትዕይንቶችን የመሥራት ሙያ) ከሚባሉት ስህተቶች ዋናው ይህ ስለሆነ ከእሱ እንጀምር።

"ሥራው የሚፈልገው ድፍረት ብቻ ነው።" ፍርሃት የማያውቅ ሰው ለባልደረቦቹም አደጋ ስለሆነ ማንም አብሮት መሥራት አይፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2006 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በወጣው "ካዚኖ ሮያል" ፊልም ላይ ስታንት ሠሪው አዳም ከርሊ መኪና ሰባት ጊዜ አገላብጦ በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን ይዞ ነበር። መኪናዋ ግን በእድል አልተገለበጠችም። በናይትሮጅን ጋዝ ግፊት መሬቱን ገፍቶ የሚያነሳት መሣሪያ ከሥሯ ተገጥሞላት ነበር። ከከፍታ የሚወድቅ ሰውም ቁመቱን፣ ነፋሱንና ከታች ያለውን የአየር ፍራሽ ደጋግሞ ይፈትሻል። ካልጣመው "ዛሬ አይሆንም" ይላል። ይህን ለማለት አቅም ያስፈልጋል።

"ቡጢው የምር ነው" የሚሉ አሉ። "ሁሉም ውሸት ነው፣ ምንም አያምም" የሚሉም አሉ። ሁለቱም ተሳስተዋል። ቡጢው አብዛኛውን ጊዜ ፊት ሳይነካ ያልፋል። ካሜራው ከአንዱ ትከሻ ጀርባ ስለሚቆም በእጅና በፊት መካከል ያለው ክፍተት አይታየንም። ድምፁም በኋላ ይጨመራል። ምቱን የሚያሳምነን ተመቺው ነው። ጭንቅላቱን በትክክለኛዋ ቅጽበት ካላዞረ ትዕይንቱ ከሸፈ። ወለሉ ግን የምር ወለል ነው። ደረጃ ላይ የሚንከባለል ሰው ክርኑና ዳሌው ላይ መከላከያ ቢያስርም ደረጃው ይመታዋል። ዳይሬክተሩ "እንደገና" ካለ እንደገና ይንከባለላል። አጭር ቀሚስ ለብሰው የሚሠሩ ሴቶች መከላከያውን የሚደብቁበት ቦታ እንኳ የላቸውም። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

"የካራቴ ሻምፒዮን ነኝ፣ ፊልም ይቀለኛል።" ጥሩ መነሻ ነው፣ ግን አይበቃም። ተወዳዳሪ ምቱን ይደብቃል፤ ፊልም ላይ ደግሞ ተመልካች እንዲያየው ሰፋ አድርጎ መሰንዘር ይኖርበታል። በዚያ ላይ ዋናው ኃላፊነቱ "ጠላቱ" ሳይጎዳ ቤቱ እንዲገባ ነው። የዓመታት ልማድን እንዲህ መገልበጥ ከባድ ነው።

"የፍልሚያ አስተባባሪ እርግጫ የሚያስተምር ሰው ነው።" እኔ ይህን ሰው ከጸሐፊዎቹ ጎን ነው የማስቀምጠው። ሥራው የሚጀምረው ድርሰቱን በማንበብ ነው። ይህ ገጸ ባሕርይ ፈሪ ነው? ሰክሯል? ወታደር ነበር? የሚማታው ለመግደል ነው ወይስ ለማምለጥ? በሕይወቷ ተጣልታ የማታውቅ ሴት ድንገት እንደ ኮማንዶ ብትፋለም ታሪኩ ይበላሻል። ከዚያ ከቡድኑ ጋር የሙከራ ቪዲዮ ሠርቶ ለዳይሬክተሩ ያሳያል። ተዋናዮቹን መጀመሪያ በዝግታ፣ ቀጥሎ ፍጥነት እየጨመረ ያለማምዳል። ካሜራው የት እንደሚቆም ያስባል። በዚህ መንገድ ወደ ዳይሬክተርነት የተሻገሩ አሉ። ቻድ ስታሄልስኪ "ዘ ማትሪክስ" ላይ በአደገኛ ትዕይንቶች የተዋናዩ የኪያኑ ሪቭስ ተኪ ነበር። በ2014 በወጣው "ጆን ዊክ" ላይ ደግሞ እሱ ዳይሬክተር፣ ሪቭስ ዋና ተዋናይ ሆኑ።

"ትልልቆቹ ተዋናዮች ሁሉንም ራሳቸው ይሠራሉ።" ጥቂቶቹ ብዙ ይሠራሉ፤ ሁሉንም ግን አይደለም። ቶም ክሩዝ በ2017 ለንደን ውስጥ ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ሲዘል ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ ቀረጻው ለሳምንታት ተቋረጠ። ፕሮዲውሰሮችና ኢንሹራንሶች የሚፈሩት ይህንን ነው።

"አሁን ሁሉን ኮምፒውተር ይሠራዋል።" ኮምፒውተር ስታንት ሠሪው የታሰረበትን ገመድ ከምስሉ ያጠፋል፣ ፊት ይቀይራል። የሚወድቅ ሰውነት ክብደት ግን አሁንም በአብዛኛው ከሰው ነው የሚገኘው።

"በዚህ ዘመን ማንም አይሞትም።" በ2017 ብቻ አሜሪካ ውስጥ ጆን በርኔከር ከከፍታ ወድቆ፣ ካናዳ ውስጥ ደግሞ ጆይ ሃሪስ ሞተር ብስክሌት እየነዳች በቀረጻ ላይ ሕይወታቸው አልፏል።

"እንግዲህ ኦስካርም ይሸለማሉ" ብሎ የሚያስብ ሰው አይፈረድበትም። ሜካፕና አልባሳት ሲሸለሙ፣ ለስታንት ግን ለአሥርት ዓመታት መደበኛ ዘርፍ አልነበረም። ስታንት ሠሪዎቹ ያኪማ ካነት በ1967፣ ሃል ኒድሃም በ2012 ያገኙት የክብር ሽልማት ነው። ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ በ2025 አዲስ የስታንት ዘርፍ እንደሚጀምር አስታውቋል። የሚያወዳድረው ከ2027 ጀምሮ የሚወጡ ፊልሞችን ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሽልማት በ2028 ይሰጣል። በጣም ዘግይቷል፤ ቢሆንም ከልቤ ደስ ብሎኛል።