ቀዩ መድኃኒትና የናኖ ከረጢቱ፦ ኬሞ ከጅማ ሲታይ

ጅማ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በዙሪያዋ ያለው ሰው ሕመም ሲጠናበት የሚመጣው ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነው። ለካንሰር የሚሰጠውን ኬሞም እዚያው ይወስዳል። በዓይን የማይታዩ እጅግ ደቃቅ ነገሮችን የሚሠራው ናኖ ቴክኖሎጂ ለዚህ ታማሚ ምን ይጠቅመዋል? ከአንድ ቀይ መድኃኒት መጀመር ይሻላል።

ዶክሶሩቢሲን ይባላል። ለጡት ካንሰር በብዛት ይታዘዛል። ከወሰዱት በኋላ ሽንት ይቀላል፤ አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ደም መስሎት ክው ይላል። እሱ እንኳ ጉዳት የለውም። ጉዳቱ ሌላ ነው። መድኃኒቱ ቶሎ ቶሎ የሚባዛን ሴል ሲያሳድድ የፀጉርን ሥር፣ የአፍን ሽፋንና መቅኒን አብሮ ይመታል። ከሁሉ የሚያሰጋው ልብ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተወሰደው ድምር በአንድ ካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት ከ450 እስከ 550 ሚሊ ግራም ሲደርስ ልብ የመድከም አደጋው ከፍ ይላል። ሐኪሞች እየደመሩ የሚመዘግቡት ለዚህ ነው።

ናኖው እዚህ ጋ ይገባል። ያው መድኃኒት ሊፖዞም በሚባል የስብ ከረጢት ይታሸጋል። ከረጢቱ 100 ናኖ ሜትር ቢሆን ነው፤ አንድ የፀጉር ዘለላ ብዙ መቶ እጥፍ ይወፍረዋል። ዕጢ የደም ሥሩን በጥድፊያ ስለሚሠራ ግድግዳው እንደ ወንፊት ነው፤ ከረጢቱ በዚያ ሾልኮ ይገባል። የልብ ደም ሥር ግን ጥብቅ ስለሆነ አያሳልፈውም። አሜሪካ ዶክሲል የተባለውን የዚህ ዓይነት መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1995 ፈቀደች፤ መጀመሪያ የታሰበው ኤችአይቪ ባለባቸው ሰዎች ላይ ለሚወጣ ካፖሲ ሳርኮማ ለተባለ ካንሰር ነበር። ፓክሊታክሰል የተባለውን ሌላ የኬሞ መድኃኒት ከአልቡሚን ፕሮቲን ጋር ያጣመረው አብራክሳን እ.ኤ.አ. በ2005 ተከተለ።

«ካንሰሩን ብቻ ለይቶ ይመታል» የሚለውን ወሬ ግን እኔ አልወደውም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ግምገማ እንዳሳየው፣ በእንስሳት ሙከራ ከተወጋው የናኖ ቅንጣት ዕጢው ጋ የደረሰው በመካከለኛ ግምት 0.7 በመቶ ብቻ ነው። የከረጢቱ ጥቅም ይበልጡን ልብን ማትረፉ ነው። ፀጉርም ያን ያህል አይረግፍም።

አዲስ ጣጣም አለው። መዳፍና የእግር ውስጥ ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ይላጣል። ሙቀትና ጠባብ ጫማ ያባብሰዋል። እጇ ከምጣድ ለማይለይ እናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከመርፌው በኋላ ባሉት ቀናት እንጀራውን ሌላ ሰው ቢጋግርላት ነው የሚሻለው።

ዋጋው ከተራው ዶክሶሩቢሲን በብዙ ይወደዳል። ብልቃጡ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ መቆየት አለበት፣ በረዶ ከሠራ አይሆንም። መንገድ ለሚረዝምበትና መብራት ለሚጠፋበት ከተማ ይህ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሲበረዝም በጨው ውሃ ሳይሆን በ5 በመቶ ግሉኮስ ነው። ተራው ዶክሶሩቢሲንና በከረጢት የታሸገው በሚሊ ግራም አይተካኩም፤ ስማቸው ግን ይመሳሰላል። ስለዚህ ፋርማሲስቱ ስሙን ሁለቴ ሳያነብ ብልቃጡን አይከፍትም።