ፈጣን ባቡር የሚባለው የቱ ነው?

ባሕር ዳር ላይ የባቡር ወሬ ከተነሳ አንዱ «በሁለት ሰዓት ውስጥ አዲስ አበባ!» ማለቱ አይቀርም። የአዲስ አበባ–ጅቡቲው ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሄድ ዘመናዊ ነው። ሆኖም ለመንገደኛ የተነደፈለት ፍጥነት በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ነው። በዓለም አቀፉ የባቡር ሐዲዶች ኅብረት መስፈርት አዲስ መስመር ፈጣን የሚባለው በሰዓት 250 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲያስኬድ ነው። ለተሻሻለ አሮጌ መስመር 200 ገደማ ይበቃል።

የፈጣን ባቡርን ዋጋ በዋናነት የሚያንረው ባቡሩ ሳይሆን መስመሩ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውን መንገድ አስቡት። ጭነት የያዘ አይሱዙ በከባድ ማርሽ እያቃሰተ ይጠማዘዛል። በሰዓት 300 የሚበር ባቡር እንዲህ አይታጠፍም፤ የአንድ ኩርባው ራዲየስ ብቻ በርካታ ኪሎ ሜትር ነው። ቁልቁለቱም ቢበዛ በ100 ሜትር 4 ሜትር ገደማ ነው። ሸለቆው ደግሞ ከ1,000 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ያለው አማራጭ ዋሻና ረጅም ድልድይ ነው፤ ብሩም እዚያ ያልቃል።

የፈጣን ባቡር ወጪ ክርክርን የሚያደናግረው ሌላ ነገር ግምቱ የተሰላበት የዋጋ ዓመት ነው። በአሜሪካ የካሊፎርኒያው የፈጣን ባቡር ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. 33 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተባለ፤ አሁን ከ100 ቢሊዮን በላይ ይገመታል። መዘግየቱና የዕቅዱ ድክመት አይካድም። ግን የመጀመሪያው በወቅቱ ዋጋ፣ የኋለኛው ገንዘቡ ወጪ በሚሆንበት ዓመት ዋጋ የተሰላ ነው። የዛሬ 15 ዓመት የጤፍ ዋጋን ከዘንድሮው ጋር ሳያስቡ እንደ ማወዳደር ነው። ቁጥር ሲጠራላችሁ «በየትኛው ዓመት ዋጋ?» በሉ።