በጦርነት ፊልም እውነታዊነት ምንድን ነው?

በጦርነት ፊልም እውነታዊነት የሚባለው፣ በውጊያ ውስጥ ያለ ሰው በዚያ ቦታና በዚያ ሰዓት ሊያደርገው፣ ሊፈራውና ሊደብቀው የሚችለውን ነገር ተመልካቹ አምኖ እንዲቀበለው አድርጎ ማሳየት ነው። የደንብ ልብሱ፣ የጠመንጃው ዓይነትና የፍንዳታው ድምፅ ለዚህ ያግዛሉ፤ እነዚህ ሁሉ ተሟልተው ግን ገጸ ባሕርያቱ ሕይወት አልባ የሆኑባቸው ፊልሞች ብዙ ናቸው።

በ1981 እ.ኤ.አ. ለእይታ የበቃው የቮልፍጋንግ ፒተርሰን «ዳስ ቡት» ጉዳዩን በደንብ ያሳያል። ፊልሙ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአትላንቲክ ውቅያኖስ የዘመተች የአንዲት ጀርመናዊ ሰርጓጅ መርከብን ታሪክ የሚተርክ ሲሆን፣ በመግቢያው ላይ በሰርጓጅ መርከቦች ከዘመቱት 40,000 ጀርመናውያን መካከል 30,000ዎቹ እንዳልተመለሱ ይገልጻል። የመርከቧ የውስጥ ክፍል በእውነተኛ መጠኑ ተሠርቷል፤ ተዋንያኑ ፊታቸው እንዲገረጣ ከፀሐይ እንዲርቁ ተደርጓል፤ ቀረጻውም በአብዛኛው የታሪኩን ቅደም ተከተል በመከተሉ ጢማቸው ከዘመቻው ጋር አብሮ አድጓል።

ለእኔ ግን የፊልሙ ትልቅነት የሚታየው በሞተር ክፍሉ መካኒክ በዮሐን ላይ ነው። የጠላት መርከብ ከላይ ቦምብ ሲያዘንብ ይህ ልምድ ያለው ሰው ራሱን ስቶ የሥራ ቦታውን ጥሎ ይወጣል፤ አዛዡም ሽጉጡን እስከ ማምጣት ይደርሳል። በኋላ ወታደራዊ ፍርድ ቤት እንዳያቀርቡት ይለምናል፤ መርከቧ በጂብራልታር ወሽመጥ ተመትታ ከባሕሩ ወለል ላይ ስታርፍ ደግሞ በሚገባው ውኃ ውስጥ ገብቶ ቀዳዳውን ለመድፈን የሚታገለው ያው ዮሐን ነው። ፈሪም ጀግናም ብሎ መፈረጅ የማይቻልበት ይህ አሳሳል፣ በእኔ ግምት፣ ከማንኛውም የተራቀቀ ፍንዳታ በላይ ጦርነትን ያስረዳል። አዛዡም እንዲሁ ነው፦ የመታው መርከብ ሲቃጠል ባሕር ውስጥ የዘለሉትን ሰዎች እያየ ወደ ኋላ እንዲያፈገፍጉ ያዝዛል፤ ትእዛዙ ግን በፊቱ ላይ ከባድ ሆኖ ይነበባል።

ፊልሙ የተመሠረተበትን ልብ ወለድ የጻፈውና በ1941 እ.ኤ.አ. ዩ-96 በተባለችው እውነተኛዋ ሰርጓጅ መርከብ ላይ የጦር ዘጋቢ ሆኖ የዘመተው ሎታር ጉንተር ቡኽሃይም የመርከቧን አሠራር ትክክለኛነት ቢያደንቅም፣ የተዋንያኑ ስሜት ከልክ በላይ የተጋነነና ከእውነታው የራቀ ነው ሲል ወቅሷል። ቦታው ላይ የነበረ ሰው ወቀሳ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ መርከበኞቹ በሚጮኹባቸውና በሚፈነጥዙባቸው አንዳንድ ትዕይንቶች ላይ ሚዛን የሚደፋ ይመስለኛል። ትንፋሻቸውን ውጠው ከላይ የሚያልፈውን የጠላት መርከብ ድምፅ በሚያዳምጡባቸው ረጃጅም ትዕይንቶች ላይ ግን የሚያርፍ አይደለም፤ በእነዚህ ውስጥ ትወናው የተቆጠበ ነው።