ስለ ናት ኪንግ ኮል የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካዊው ድምፃዊ ናት ኪንግ ኮል በ1965 በሳንባ ካንሰር ሲሞት ገና 45 ዓመቱ ነበር። ስለ እሱ የሚነገሩት አንዳንዶቹ ነገሮች ግን እርማት ይሻሉ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ፒያኖም የሚነካካ ዘፋኝ ነበር።» ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አላባማ ተወልዶ ቺካጎ ያደገው ይህ የሰባኪ ልጅ መጀመሪያ ስም ያተረፈው በጣቶቹ ነው። በ1937 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ያቋቋመው ቡድን ፒያኖ፣ ጊታርና ቤዝ ብቻ የያዘ ሲሆን፣ ድራም መቺ ስላልነበረው ሦስቱ ተጫዋቾች ምቱን የሚጠብቁት እርስ በርስ እየተደማመጡ ነበር፤ ኋላ እነ ፒያኖ ተጫዋቹ ኦስካር ፒተርሰን የተከተሉት ይህንኑ አደረጃጀት ነው። አንድ የሰከረ ደንበኛ «ካልዘፈንክ» ብሎ ስላስጨነቀው መዝፈን ጀመረ የሚባለውም ተረት ነው፤ ቡድኑ ቀድሞውንም በሙዚቃው መሀል ይዘፍን ነበር።

«የቴሌቪዥን ዝግጅቱ የተዘጋው ተመልካች አጥቶ ነው።» በኖቬምበር 1956 በኤንቢሲ የቴሌቪዥን ጣቢያ የጀመረው ዝግጅት ዋና ችግሩ አገር አቀፍ ስፖንሰር ማጣቱ ነበር። ኩባንያዎቹ በጥቁር ሰው ዝግጅት ላይ ስማቸው ቢታይ የደቡብ ነጭ ደንበኞቻቸው እንዳይቀየሟቸው ሰጉ። እንደ ኤላ ፊትዝጄራልድና ሃሪ ቤላፎንቴ ያሉ ድምፃውያን በአነስተኛ ክፍያ እየቀረቡ አገዙት፤ ጣቢያውም ሊያባርረው አልፈለገም። በዲሴምበር 1957 በቃኝ ያለው ኮል ራሱ ነው። በነገራችን ላይ፣ የራሱ ዝግጅት የነበረው የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊም እሱ አይደለም፤ ፒያኖ ተጫዋቿ ሄዘል ስኮት በ1950 ቀድማዋለች።

«በዘር መድልዎ ላይ አፉን ዘግቶ ኖረ።» ይህኛው በከፊል እውነት አለው። በኤፕሪል 1956 አላባማ ውስጥ በምትገኘው በርሚንግሃም ከተማ ለነጮች ብቻ በተከፈተ አዳራሽ እየዘፈነ ሳለ ነጮች መድረክ ላይ ወጥተው ጣሉት፤ ጥቁሮች በበኩላቸው «እንዲህ ባለ አዳራሽ ለምን ዘፈንክ?» ብለው ወቀሱት፤ ወቀሳቸውም ተገቢ ይመስለኛል። ነገር ግን በ1948 ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የነጮች ሠፈር ቤት ገዝቶ፣ ጎረቤቶቹ ሊያስወጡት ቢታገሉም አልለቀቀም፤ ከበርሚንግሃሙ ጥቃት በኋላም ለጥቁሮች መብት የሚሟገተው ማኅበር የዕድሜ ልክ አባል ሆኗል።

«ከልጁ ከናታሊ ጋር ስቱዲዮ ገብቶ ዘፈነ።» በ1991 የወጣው የሁለቱ ዘፈን የአባትየው የቀድሞ ቅጂ ከልጅቷ ድምፅ ጋር በቴክኖሎጂ የተገጣጠመበት ነው። አባቷ ሲሞት ናታሊ የ15 ዓመት ልጅ ነበረች።