ትዊድ ከንቲባ አልነበረም

ባሕር ዳር ባለው የንባብ ቡድናችን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለኖረው አሜሪካዊ ፖለቲከኛ፣ «ዊሊያም ትዊድ ከንቲባ ሳይሆን ኒው ዮርክን እንዴት አዘዘ?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል።

ጉልበቱ ከወንበሩ አልነበረም። ታማኒ ሆል የተባለውን የፓርቲ ድርጅት ይመራ ነበር። ማን እንደሚወዳደር፣ ማን እንደሚቀጠር የሚወሰነው እዚያ ነበር። ድሃው ስደተኛ ሥራ ያገኝ፣ በምላሹ ድምፁን ይሰጥ ነበር።

ገንዘቡስ? ጣና ዳር 1 ሚሊዮን ብር የሚፈጅ ቦይ ይሠራል እንበል። ተቋራጩ 3 ሚሊዮን ይጠይቃል። በፓርቲው አለቃ የተሾመው ሹም ይፈርማል። ትርፉን ይከፋፈሉታል። የኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ሕንፃ ሲሠራም የሆነው ይኸው ነው። የተዘረፈው እኮ የሕዝብ ግብር ነው፤ ለድሃው የደረሰው ፍርፋሪ ብቻ!

እ.ኤ.አ. በ1873 ተፈረደበት፣ በ1878 እስር ቤት ሞተ። ይህ የተረጋገጠ ነው። የተሰረቀው ጠቅላላ ገንዘብ ግን እንደ ገማቹ ይለያያል።