ልጆችና ሰው ሠራሽ አስተውሎት፦ ከጎንደር ወላጆች የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለጥያቄ በጽሑፍ መልስ የሚሰጠው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ቻትጂፒቲ ለሕዝብ ክፍት የሆነው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነበር። ከዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠ። አገልግሎቱ ሲመለስ የጎንደር ልጆች እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን በአብዛኛው በቴሌግራም በኩል፣ ያለ አስተማሪና ያለ መካሪ አገኟቸው። ከጎረቤት፣ ከዘመድና በልጆቼ ትምህርት ቤት በር ላይ ከማገኛቸው ወላጆች ጋር ስንወያይ ደጋግሜ የምሰማቸው ጥቂት አመለካከቶች አሉ፤ ከቅን ልብ የመነጩ ቢሆኑም ልጆቻችንን ይጎዳሉ ብዬ ስለማምን አንድ በአንድ ላነሣቸው ወደድሁ።

«እኔ ቴክኖሎጂ ስለማላውቅ ልጄን ልረዳው አልችልም»

ስልክ በመነካካት ልጁ እንደሚበልጠን አይካድም። ልጁ የሚጎድለው ግን የቀረበለትን ቃል መመዘን ነው፤ በዚህ ደግሞ ወላጅ ይበልጠዋል። ከገበያ ወሬ ይዞ ለመጣ ሰው «ይህን ማን ነገረህ? እሱስ ከማን ሰማ? ሌላ ምስክር አለው?» ብለን እንደምንጠይቅ ሁሉ፣ ለማሽኑ መልስም የሚያስፈልጉት እነዚሁ ጥያቄዎች ናቸው። ፊደል ያልቆጠረች አያት እንኳ የልጅ ልጇን «እስኪ የመለሰልህን ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብልኝ» ብላ አጠገቧ ብታስቀምጠው፣ ልጁ ያልገባውን ነገር ሲያነብ መንተባተቡን ትሰማለች።

«ማሽኑ ሁሉን ያውቃል፤ አይሳሳትም»

እነዚህ መሣሪያዎች እውነት ተመዝግቦ የተቀመጠበት መዝገብ አይደሉም። እጅግ ብዙ ጽሑፍ እንዲያጠኑ ተደርገው፣ ከተጻፈው ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚችል እየገመቱ ዓረፍተ ነገር ይሠራሉ። ግምቱ ብዙ ጊዜ ይሰምራል፤ ሳይሰምር ሲቀርም የአነጋገሩ እርግጠኝነት አይቀንስም፣ አደጋውም ያለው እዚህ ላይ ነው። ከእንግሊዝኛ ጋር ሲነጻጸር በኢንተርኔት ላይ ያለው የአማርኛ ጽሑፍ በጣም ጥቂት በመሆኑ ስለ አገራችን ጉዳይ በአማርኛ ሲጠየቁ ስሕተቱ ይበዛል።

ይህን ለልጅ ለማሳየት ከከተማችን የሚሻል መፈተኛ የለም። ጎንደርን አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ እንደቆረቆሯት፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን አድያም ሰገድ ኢያሱ፣ ቁስቋምን ደግሞ እቴጌ ምንትዋብ እንዳሠሩ ልጆቻችን በእግራቸው ሄደው ያዩት ታሪክ ነው። ከልጄ ጋር ስንሞክረው አንዱ ቻትቦት (እንደ ቻትጂፒቲ ያለ መልስ ሰጪ ማሽን) ቁስቋምን ለአፄ ፋሲል ሰጠ። ስሕተቱን ስንነግረው ይቅርታ ጠይቆ አስተካከለ፤ ከዚያ ልጄ ሆን ብሎ ትክክለኛውን መልስ «ተሳስተሃል» ሲለው አሁንም ይቅርታ ጠይቆ ወደ ስሕተቱ ተመለሰ። ልጄ በዚያ ቀን የተማረው፣ ማሽኑ ጠያቂውን ለማስደሰት እንደሚያዘነብልና መስማማቱ ማስረጃ እንደማይሆን ነው። እኔ በቃል ብነግረው ኖሮ ይህን ያህል የሚገባው አይመስለኝም።

«የቤት ሥራውን ቢሠራለት ምን አለበት? ዋናው ውጤቱ ነው»

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ያለፉ አባቶች ባሉበት ከተማ መልሱ ሩቅ መሆን አልነበረበትም። የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት (ስንኝ) ካለው አጭር ቅኔ፣ ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል (ያዘጋጃል)፣ ለየኔታ ይነግራል፣ የኔታም ያርሙለታል። የሌላውን ቅኔ ወስዶ የኔ ነው ማለት ነውር ነው፤ የራሱንም ቢሆን አይደግመውም። እንዲህ የሚደረገው ዓለም ቅኔ ስላነሰው አይደለም፤ አእምሮው የሚሰላው ከቃሉ ጋር ሲታገል ስለሆነ ነው። የሒሳብ ጥያቄም ሆነ ድርሰት በልጅ ላይ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው፤ ትግሉን ማሽኑ ከወሰደለት ለልጁ የሚቀረው ወረቀቱ ብቻ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ፣ ስልክ በሌለበት ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያን ጊዜ ቻትቦት ገና አልተስፋፋም፤ ይህም በራስ ያልተሠራ ትምህርት በፈተና ቀን ምን እንደሚያስከትል ማሽኑ ሳይመጣም አይተነዋል ማለት ነው።

በእኛ ቤት ያለው ደንብ ደብተር ከስልክ ይቀድማል የሚል ነው። ልጁ መጀመሪያ በእጁ ይሞክራል፤ ከዚያ በኋላ «የተሳሳትሁት የትኛው እርምጃ ላይ ነው? መልሱን አትንገረኝ፣ ፍንጭ ብቻ ስጠኝ» ወይም «ይህን የሚመስሉ አምስት ጥያቄዎች አውጣልኝ» ብሎ ይጠይቃል። በዚህ መንገድ ማሽኑ አስጠኚ መቅጠር ለማይችል ቤተሰብ ትልቅ በረከት ነው፤ ይህንንም ከልቤ እላለሁ።

«ቢኮርጅም መምህሩ በመሣሪያ ይደርስበታል»

ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 በማሽን የተጻፈን ጽሑፍ የሚለይ እንዲህ ያለ መሣሪያ አውጥቶ ነበር። በማሽን ከተጻፉት የእንግሊዝኛ ጽሑፎች የለየው 26 በመቶውን ብቻ ሲሆን፣ ሰው ከጻፋቸውም 9 በመቶውን የማሽን ነው ብሎ በሐሰት ወንጅሏል። ኩባንያው በዚያው ዓመት ሐምሌ አነሣው። ቁጥጥሩን ለመሣሪያ መተው አይቻልም።

«ጨርሶ መከልከል ይሻላል»

ለትንንሽ ልጆች ይህ አባባል እውነት አለው። የቻትጂፒቲ የአገልግሎት ደንብ ከ13 ዓመት በታች ላሉት አይፈቅድም፣ ከ18 በታች ላሉትም የወላጅ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ በክፍል ውስጥ ለመጠቀም 13 ዓመት ዝቅተኛ ዕድሜ እንዲሆን መክሯል። ከዚያ በላይ ያለውን ልጅ ግን በቤት ብንከለክለው በጓደኛው ስልክ ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ ሲሳሳት የሚነግረን አይኖርም።

«የሚጻፈው ነገር በልጁና በማሽኑ መካከል ይቀራል»

አይቀርም። የተጻፈው ከአገር ውጭ ወዳሉ ኮምፒውተሮች ይሄዳል፣ ማሽኑን ለማሠልጠንም ሊውል ይችላል። በቴሌግራም የሚገኙ ብዙ ቦቶች (መልስ ሰጪ ፕሮግራሞች) ደግሞ ከኩባንያዎቹ ውጭ ባሉ ማንነታቸው በማይታወቅ ሰዎች የሚተዳደሩ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቢወጣም ሕጉ አንድ ጊዜ የተላከን ፎቶ መልሶ አያመጣም። ስለዚህ ሙሉ ስም፣ የትምህርት ቤት ስም፣ የመታወቂያ ቅጂ፣ የቤተሰብ ምስጢርና በተለይም የልጃገረዶች ፎቶግራፍ አይላኩ፤ ከአንድ ፎቶ ተነሥቶ አሳፋሪ የሐሰት ምስል መሥራት ዛሬ ቀላል ሆኗል።

«ከመጥፎ ጓደኛ ጋር ከሚውል ከማሽን ጋር ቢያወራ ይሻላል»

ማሽኑ አይሰለችም፣ አይቆጣም፣ ብዙ ጊዜም ይስማማል። ለተከፋ ልጅ ይህ በጣም ይጥማል፤ ግን ፊቱ መገርጣቱን፣ ምግብ መተዉን፣ እንቅልፍ ማጣቱን አያይም። ልጅ ለማሽኑ የነገረውን ለእኛ ሲገልጥ «ለምን ለእኔ አልነገርኸኝም?» ብሎ መቆጣት በሩን ይዘጋዋል፤ «ምን ብሎ መለሰልህ? አንተስ ምን ተሰማህ?» ብሎ መጠየቅ ይከፍተዋል። ልጁ ራሱን ስለ መጉዳት ከማሽኑ ጋር ሲያወራ ከተገኘ ነገሩን በቤት ውስጥ ሸሽጎ ለማለፍ አይሞከር፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና የሚሰጡ ባለሙያዎች አሉ፣ ልጁንም አብሮት ሄዶ የሚያደርሰው ወላጁ ይሁን።